ቡድን ስትሞሉ ከፒቸርና ከካቸር ጀምሩ

አሜሪካ ውስጥ የታዳጊ ሴቶች ትራቭል ሶፍትቦል ቡድን (ቤዝቦል መሰል ጨዋታ፤ ወላጅ እየከፈለ ለውድድር የሚጓዝ ቡድን) ለምትይዙ፦ ከ12 ልጅ አትለፉ። ሜዳ የሚገቡት 9 ናቸው፤ 11 ካላችሁ ሁለቱ ቢቀሩም ትጫወታላችሁ። 14 ሲሆን ግን ሙሉ የከፈለ ወላጅ ልጁ ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብላ ስትውል እያየ ዝም አይልም፤ ይዟት ይሄዳል።

ከ12ቱ ውስጥ 3 ፒቸር (ለመቺዋ ኳስ የምትወረውር)፣ 2 ካቸር (ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳሱን የምትቀበል) ይኑሩ። አንዲት ፒቸር የሁለት ቀን ውድድር ብቻዋን አትችለውም። ልጆቹ ለመመረጥ በሚፈተኑበት የሙከራ ቀን ፒቸሮቹንና ካቸሮቹን ከሌሎቹ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ጥሩ፤ አለዚያ ሲወረውሩ በደንብ የሚያያቸው አሰልጣኝ አይገኝም። ቁጥሩን በደረትም በጀርባም ለጥፉ (ጀርባዋን ሰጥታ የምትሮጥን ልጅ በደረት ቁጥር ማን ይለያታል?)። ከሆም (መቺዋ ከምትቆምበት) እስከ መጀመሪያው ቤዝ (ሮጣ ከምትደርስበት ምልክት) ያለውን 60 ጫማ በስንት ሰከንድ እንደሚሮጡት ለኩ።

«ተመርጠሻል» የሚለውን ጥሪ ለሁሉም በአንዴ አትላኩ፤ መጀመሪያ ለፒቸሮችና ለካቸሮች፣ መልሳቸው ሲመጣ ለቀሪዎቹ። ለተጠባባቂዋም መልስ የምታገኝበትን ቀን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሯት።