የዶሮ እርባታ ግሩፕ ውስጥ እንዴት ይጠየቃል፣ እንዴትስ ይመለሳል?

«ዶሮዬ ታማብኛለች፣ ምን ላድርግላት?» የቴሌግራም የዶሮ እርባታ ግሩፖች ይህን ጥያቄ ለምደውታል። ከሥሩ የሚመጣውም አዲስ አይደለም፤ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ያዛል፣ ሌላው ቴትራሳይክሊን፣ ሦስተኛው የራሱን መኖ ያስተዋውቃል። ጠያቂው «ይሄ ግሩፕ አይረባም» ብሎ ይወጣል። ጎረቤት ቢሆን ኖሮ በአጥር ተንጠራርቶ ቤቱን ያያል፣ ጉዝጓዙን በእግሩ ነካ ያደርጋል፣ «መቼ አስከተብክ?» ይላል። የማያውቃችሁ ሰው ግን በእጁ ያለው እናንተ የጻፋችሁት ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቱ ቆሞ የሚያየውን ሁሉ በጽሑፍ ማድረስ የጠያቂው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ግን ፈልጉ። ጥያቄያችሁ ቀድሞ ተጠይቆ ሊሆን ይችላል፤ የግሩፑ የፍለጋ ሳጥን የሚያስቸግረው በአማርኛ አጻጻፍ ምክንያት ነው። «መድኃኒት» የሚለውን አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሃ»፣ አንዱ በ«ሐ» ይጽፈዋል፤ ሳጥኑ ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያለበትን ቃል እያቀያየራችሁ ሞክሩ። «ዶሮ» ብላችሁ ስትፈልጉ «የዶሮ» እና «ለዶሮ» ሊያመልጧችሁ ስለሚችሉ እነሱንም ለብቻ ፈልጉ። በላቲን ፊደል የሚጽፉ አባላት ስላሉ «ላሶታ»ን (ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ክትባት ነው) በእንግሊዝኛ ፊደልም አንዴ ብትሞክሩ አይከፋም። ከላይ ፒን የተደረገው መልእክት ውስጥ የክትባት ሰሌዳ ያስቀመጡ አድሚኖች ብዙ ናቸው፤ እሱን ሳያዩ «ጉምቦሮ በስንተኛ ቀን ነው?» ማለት ያስገምታል።

ሰላምታውና ጥያቄው አንድ ላይ

ያለ ሰላምታ በጥያቄ መጀመር ለአማርኛ ጆሮ ይጎረብጣል። ነገር ግን «ሰላም ናችሁ?» ብሎ ልኮ፣ መልስ ጠብቆ፣ «አንድ ጥያቄ ነበረኝ» ብሎ፣ «ጠይቅ» እስኪባል መቆየት ቡና እየጠጡ ለሚያወሩ ሰዎች እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። በመሃል 40 መልእክት ይገባል። አድሚኑ ስሎው ሞድ ካበራ ደግሞ በሁለት መልእክቶቻችሁ መካከል ከሴኮንዶች እስከ 1 ሰዓት መቆየት ግድ ስለሚል ሰላምታችሁ ብቻውን ተሰቅሎ ይቀራል። «ሰላም ለዚህ ቤት» በሉና ጥያቄውን እዚያው ቀጥሉ።

ለታመመ ዶሮ ጥያቄ ውስጥ መግባት ያለባቸው፦ ዝርያው፣ ዕድሜው (ለጫጩት በቀን፣ ለትልቅ ዶሮ በሳምንት)፣ ብዛቱ፣ ከነሱ ውስጥ ስንቱ እንደታመመና እንደሞተ፣ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ የተሰጠው ክትባትና ቀኑ፣ የሚበሉት መኖ፣ የጉዝጓዙ ሁኔታ፣ እስካሁን የሰጣችሁት መድኃኒት፣ ከተማው። ከተማው የተጠየቀው ለወሬ አይደለም፤ አዳማና ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ጫጩት የሚያስፈልገው ሙቀት አያያዝ ይለያያል። እንዲህ ይጻፋል (ኤች ቢ ዋን የፈንግል ክትባት ነው፣ ኮክሲዲዮሲስ ደግሞ ደም ያለው ኩስ የሚያመጣ የአንጀት በሽታ)፦

«ሰላም ለዚህ ቤት። 60 ቦቫንስ ብራውን ጫጩቶች አሉኝ፣ ዛሬ 24ኛ ቀናቸው ነው፣ አዳማ። ከትናንት ማታ ጀምሮ 7ቱ ተኮራምተው ክንፋቸውን ጥለዋል፣ ኩሳቸው ደም አለው፣ 2 ሞተዋል። ኤች ቢ ዋን በ7ኛው፣ ጉምቦሮ በ14ኛው ቀን ወስደዋል። የጫጩት መኖ ይበላሉ። ጉዝጓዙ ከተቀየረ 12 ቀኑ ነው፣ ውሃ መጠጫው ሥር እርጥብ ነው። መድኃኒት አልሰጠሁም። ኮክሲዲዮሲስ ይመስላችኋል? ሐኪም እስኪመጣ ምን ላድርግ?»

ይህን ያነበበ ልምድ ያለው አርቢ ሦስት ነገር ይዞ ይነሳል፤ ዕድሜው፣ ደሙ፣ እርጥቡ ጉዝጓዝ። «አዎ፣ ይመስላል፤ የታመሙትን ለዩ፣ እርጥቡን ጉዝጓዝ ዛሬውኑ አውጡ፣ ኩስ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ ሂዱ» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው ሰው ግን ስምንት ጊዜ መልሶ ይጠየቃል፤ በአራተኛው ሰዉ ይሰለቻል።

ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ

ኩስ ሲነሳ ነጭ ወረቀት ላይ ይሁን፣ በቀን ብርሃን። በቀይ የማሞቂያ አምፖል ሥር የተነሳ ፎቶ ላይ ሁሉም ኩስ ደም ያለበት ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ያለ በሽታው መድኃኒት የሚውጥ ዶሮ አለ። ሦስት ፎቶ ይበቃል፤ የቤቱ ሙሉ ዕይታ፣ የታመመው ዶሮ፣ ኩሱ። አንገት የሚጠማዘዝ ወይም እግር የሚጎተት ከሆነ የ15 ሴኮንድ ቪዲዮ ከአሥር ፎቶ ይበልጣል። የተከፈተ ሬሳ ስትለጥፉ የቴሌግራሙን ስፖይለር (ፎቶውን እስኪነኩት የሚሸፍነውን) አድርጉበት፣ ምሳ ላይ ያለ ሰው አለ።

የቮይስ መልእክት ብዙ ያከራክራል። መጻፍ ለሚያስቸግረው ሰው መብቱ ነው፣ ማንም ሊያሸማቅቀው አይገባም። ችግሩ ቮይስ በፍለጋ አይገኝም፣ ሥራ ቦታ ያለ ሰውም አይከፍተውም። ከ1 ደቂቃ ካላለፈና ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ («የ24 ቀን ጫጩት፣ ደም ያለው ኩስ») ከታከለበት መልስ ያገኛል። ቮይስ ከጽሑፍ የሚሻልበት አንድ ጊዜ አለ፦ ዶሮዎቹ ሲተነፍሱ ሲያንኮራፉ። ማታ መብራት ካጠፋችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ቁሙና 15 ሴኮንድ ቅዱ፤ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ለይቶ ይነግራችኋል።

ፎቶውን እንደ ፋይል አትላኩ። እንደ ፋይል ሲላክ የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይወልቃል። 300 ቄብ ያለበትን ግቢ አድራሻ ለማያውቁት ሺህ ሰው መንገር አያስፈልግም።

አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

እንግሊዝኛ ጸሐፊ የማያውቀው ጣጣ ይሄ ነው። አማርኛ ግሱ ላይ ጾታ ያወጣል፤ ስሙ «ዶሮ ወዳድ» ለሆነ፣ ፎቶው አውራ ዶሮ ለሆነ ሰው «ስጣቸው» ይባላል ወይስ «ስጫቸው»? ደስታ የወንድም የሴትም ስም ነው። በግምት «ወንድሜ» ብሎ እህት ሆና መገኘቷ የተለመደ ነው። መውጫው ቀላል ነው፤ «ይስጧቸው» በሉ፣ ወይም ለሁሉም እንደምትናገሩ በብዙ ቁጥር «ስጧቸው»። ከተሳሳታችሁ «ይቅርታ እህቴ» ብሎ ወደ ጉዳዩ መመለስ ይበቃል፣ የይቅርታ ድርሰት አያስፈልግም።

አንቱታውን የሚያነሳው ተናጋሪው ሳይሆን የሚነገረው ሰው ነው። «አንተ በለኝ» እስኪላችሁ ቆዩ። ከሁሉም የከፋው ክርክር መሃል ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ ነው፤ ስድብ ባይኖርበትም እንደ ጥፊ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ በኋላ ስለ መኖ የሚያወራ አይገኝም።

ምክር በ«ቢ» ይለዝባል፦ «ጉዝጓዙን ቢቀይሩት ጥሩ ነው»። ትእዛዙን ለአስቸኳይ ጊዜ አቆዩት፦ «አሁኑኑ ለዩዋት!» ሁሉን በትእዛዝ የሚናገር ሰው አስቸኳዩ ሲመጣ የሚሰማው የለም።

መልስ ስትሰጡ

ሪፕላይ ተጠቀሙ፤ ካልሆነ መልሳችሁ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ እውቀታችሁ ከየት እንደመጣ በአንድ ሐረግ ንገሩ፤ «የእንስሳት ሐኪም ነኝ»፣ «ሞክሬው ሠርቷል»፣ «ሲባል ሰምቻለሁ»። ሦስቱ እኩል አይደሉም፤ አንባቢው ራሱ ይመዝናል።

የመድኃኒት መጠን በማንኪያ አይነገርም። የሻይ ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ ይለያያሉ፣ ዱቄቶቹም በጥንካሬ ይለያያሉ። «የማሸጊያውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩ» ብላችሁ በሊትር ስንት ግራም እንደሚል አንብቡለት። እንቁላል ጣይ ዶሮ ከሆነች መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላም አብራችሁ ንገሩ፤ ይሄ የሚረሳ ነገር ነው። «አንድ ጣሳ መኖ»ም እንደዚሁ ነው፤ የማን ጣሳ? አንዴ በሚዛን ለኩትና በግራም ተናገሩ።

ስሌቱን አሳዩ። «ለ100 ዶሮ አንድ ኩንታል ስንት ቀን ይበቃል?» ለሚለው «8 ቀን» ማለት ለዚያ ሰው ብቻ ይሆናል። «አንድ እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፣ 100ዎቹ ከ11 እስከ 12 ኪሎ፣ ስለዚህ ኩንታሉ 8 ወይም 9 ቀን» ካላችሁ ግን 40 ዶሮ ያለውም የራሱን ያሰላል።

ግማሽ መልስ ከዝምታ ይብሳል። «ላሶታን በውሃ ስጧቸው» የተባለ ሰው ከቧንቧ ይቀዳል፤ ክሎሪኑ ሕያው ክትባቱን ይገድለዋል፣ ባለቤቱ ግን ከትቤያለሁ ብሎ ይተኛል። መልሱ ሙሉ የሚሆነው ክሎሪን የሌለው ንጹህ ውሃ፣ ቀድሞ 1 ወይም 2 ሰዓት ውሃ መከልከል፣ ክትባቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ እንዲያልቅ፣ ለጤነኛ ዶሮ ብቻ፣ ሲባል ነው። ይህን ለመጻፍ ጊዜ ከሌላችሁ ለሌላ ሰው ተዉት።

አንድ ሰው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቢመክር አትሳቁበት። ነገር ግን ጥያቄው ስለ ፈንግል ከሆነ እውነቱ በግልጽ ይነገር፦ ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ክትባት አስቀድሞ ይከላከላል፣ የታመመውን መለየት ደግሞ የተረፈውን ለማትረፍ ይረዳል።

ሁለት መልሶች ሲጋጩ ወዲያው አንዱ ውሸታም ነው አትበሉ። አንዱ «35 ዲግሪ»፣ ሌላው «28» ቢል ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ነው፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። «ለስንት ቀን ጫጩት ነው የምትሉት?» ብትሉ ጠቡ ያበቃል። ውጭ አገር ያሉ አባላት ሲገቡበት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አሜሪካ ያለ ሰው «95 ዲግሪ» ሲል ፋራናይት ነው፣ በኛ 35 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። «በ5ኛው ወር» ለአዲስ አበባው ጥር፣ ለዋሽንግተኑ ሜይ ነው። ስለ መብራት ስትነጋገሩ «3 ሰዓት ላይ አጠፋለሁ» አትበሉ፤ «ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ» በሉ። የወር ስም፣ የሰዓቱ አገር፣ የዲግሪው ዓይነት፤ ሦስት ቃል ናቸው፣ አይክበዷችሁ።

ሽያጭና ኢንቦክስ

ጫጩት የሚሸጥ ሰው ዝርያ፣ ዕድሜ፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ከተማ፣ ትራንስፖርት ይካተት አይካተት ይጽፋል። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ማስታወቂያ ሰው ያባርራል። «የ45 ቀን፣ ሙሉ ክትባት የወሰዱ» ለሚለው ገዢ «የትኛው ክትባት፣ በስንተኛው ቀን?» ብሎ እዚያው ግሩፑ ላይ ይጠይቅ፤ መልሱን ሌላው ሁሉ ያየዋል። ጫጩቱን ሳታዩ በቴሌብርም በባንክም ቀብድ አትላኩ፤ የተላከ ገንዘብ ስክሪንሾትም እንደ ደረሰኝ አይቆጠርም፣ ሒሳባችሁን ራሳችሁ እዩ። በአድሚን ስምና ፎቶ ኢንቦክስ የሚመጣ ሰው ካለ ዩዘርኔሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን የቴሌግራም መግቢያ ቁጥር የሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን ሌባ ነው። ቁጥራችሁን ለመደበቅ በሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ፎን ነምበር ገብታችሁ ኖባዲ የሚለውን ምረጡ።

ኢንቦክስ መግባት በር ማንኳኳት ይፈልጋል። «ኢንቦክስ ላድርግ?» ብላችሁ ግሩፑ ላይ ጠይቁ። በተለይ ሴቶች አባላት ስለ እንቁላል ጠይቀው ስለ ትዳራቸው የሚጠየቁበት ግሩፕ ውስጥ ሁለተኛ አይጽፉም፤ ጥሩ አርቢዎች የሚጠፉትም በዚሁ ነው።

የበቆሎ ዋጋ ሲነሳ መንገድ ይነሳል፣ መንገድ ሲነሳ ፖለቲካ ይከተላል፤ በአምስት መልእክት ውስጥ ዶሮው ይረሳል። «ወደ ዶሮው እንመለስ» የሚል አንድ መስመር ከአድሚን ቀድሞ ከተራ አባል ቢመጣ ይሻላል። ለተሳዳቢ አንዴ መልሱ ወይም ጭራሽ አትመልሱ፤ የግል መልእክቱን ስክሪንሾት አድርጎ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን ነገሩን ያባብሰዋል።

መልስ ካገኛችሁ በኋላ ጥያቄውን አታጥፉት። ከጠፋ ከሥሩ ያሉት መልሶች የምን እንደሆኑ አይታወቅም። በ48 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ኤዲት አድርጋችሁ ውጤቱን ጨምሩበት፤ ካለፈ ለራሳችሁ ጥያቄ ሪፕላይ አድርጋችሁ «ጉዝጓዙን ቀየርኩ፣ ሐኪሙ ኮክሲ ነው አለ፣ 2 ሞቱ፣ 5ቱ ዳኑ» በሉ። ሁሉም ቢሞቱም ጻፉት። መልስ ካላገኛችሁ በየሰዓቱ ደጋግማችሁ አትለጥፉ፤ ሰው ከሥራ ሲገባ፣ ማታ ላይ፣ ለዚያው ጥያቄ ሪፕላይ አድርጉና አዲስ የታየውን ብቻ አክሉ፦ «ዛሬ 3 ተጨመሩ፣ ኩሱ አረንጓዴ ሆኗል፣ አንዷ አንገቷ ተጠማዟል።» አረንጓዴ ኩስና የተጠማዘዘ አንገት አንድ ላይ ከታየ ግን ፈንግል ስለሚጠረጠር የግሩፑን መልስ አትጠብቁ፤ የታመሙትን ለዩ፣ ከግቢው ዶሮም እንቁላልም አታውጡ፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።