ኢቤይ ላይ ያገለገለ ዕቃ ስንገዛና ስንሸጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ምናለሽ ተራ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ያገለገለ ዕቃ አገዛዝ አይነገረውም። ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ይነቀንቃል፣ «እስቲ ሰካልኝ» ይላል። የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ በሆነው ኢቤይ ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ያለው ፎቶ፣ ጥቂት መስመር ጽሑፍና ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት ነው። ሜሪላንድ ከመጣሁ ጀምሮ ስገዛበትም ስሸጥበትም ኖሬያለሁ። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን ዘመድና ጓደኛ ሲሠራቸው አይቻለሁ።

እልህ መጋባት

ጨረታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። የቡና መፍጫው 41 ዶላር ላይ ነው። 42 ትላላችሁ። ወዲያው ይበልጧችኋል። 45። አሁንም በለጧችሁ። እዚህ ላይ ያ የማይታይ ሰው ጠላት ይሆንባችኋል። መፍጫው ይረሳና ነገሩ «እሱ ሊበልጠኝ?» ይሆናል። ሲያልቅ፣ አዲስ ሆኖ ሱቅ ውስጥ 80 ዶላር የሚሸጠውን መፍጫ በ77 ዶላር «አሸንፋችሁ» ቁጭ። መላኪያው ገና አልተጨመረም።

አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ኮምፒውተሩ ፊት እንኳ የለም። የሚጫረትለት ሲስተሙ ነው። ተጫራቹ ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚለውን ጣሪያ ያስገባል፤ ሲስተሙ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እያነሳ ይሄዳል። የእናንተ ጣሪያ 60፣ የሌላው 52 ቢሆን የምትከፍሉት 53 ነው እንጂ 60 አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው «ትልቅ ቁጥር ካስገባሁ ያንኑ ይቆርጡብኛል» ብሎ ይፈራል። አንድ አንድ ዶላር ሲጨምር ሳያስበው ከአቅሙ በላይ ይወጣል።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ፍለጋው ውስጥ «ሶልድ አይተምስ» የሚል ማጣሪያ አለ። እሱን ስትነኩ ሻጭ የተመኘውን ዋጋ ሳይሆን ዕቃው የተሸጠበትን ታያላችሁ። ከዚያ ተነስቼ፣ መላኪያውን ቀንሼ፣ ጣሪያዬን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። አንዴ አስገብቼ ላፕቶፑን እዘጋለሁ። በመጨረሻዋ አምስት ሴኮንድ ገብቶ የሚነጥቃችሁ ሰው አይጠፋም። ያናድዳል፣ ግን የተፈቀደ ነው። ክልክሉ ሻጭ የራሱን ሰው አስገብቶ ዋጋ ሲያስጨምር ነው።

ፎቶውን አይቶ ጽሑፉን መዝለል

«ፎር ፓርትስ ኦር ኖት ዎርኪንግ» ማለት አይሠራም ማለት ነው፤ ለመለዋወጫ የሚሸጥ። እንዲህ ተብሎ የተገዛ ዕቃ አልሠራም ብሎ መክሰስ አይቻልም፣ ተነግሯችኋልና። ኢቤይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር የመጀመሪያው ሽያጭ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። በ14.83 ዶላር ተሸጠ። መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ግራ ገብቶት «መበላሸቱን አይተሃል?» ብሎ ገዢውን ሲጠይቀው፣ ሰውየው የተበላሹ መጠቆሚያዎች እሰበስባለሁ አለው። ለሰብሳቢ ይሁን። እናንተ ግን ሰብሳቢ ካልሆናችሁ ይህችን መስመር ፈልጉ።

«አንቴስትድ» የምትለዋ ቃል ደግሞ አልተሞከረም ማለት ነው። ገመድና ሶኬት ቤቱ ያለው ሰው ለምን ሳይሞክረው ይቀራል? እኔ ይህችን ቃል «ሞክሬው አልሠራም» ብዬ ነው የማነባት። እስካሁን ብዙም አልተሳሳትኩም።

ስልክ ሲሆን ነገሩ ይረዝማል። «ሎክድ» የሚል ካለ ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የታሰረ ስልክ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም አይቀበልም። አይፎን ከሆነ ሻጩን ሴቲንግስ ውስጥ ያለውን የ«አባውት» ገጽ ፎቶ ጠይቁት፤ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል መኖር አለበት። ሲደርሳችሁ ደግሞ የድሮ ባለቤቱ የአፕል አካውንት ከውስጡ መውጣቱን እዩ። አልወጣም ማለት የገዛችሁት የሚያምር መስታወት ነው።

ሰው እስኪሄድ ሳጥኑን አለመክፈት

ይህቺ የኛዋ ስህተት ናት። ሌላ ሕዝብ ሲሠራት አላየሁም።

ኦክቶበር ላይ አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ገዛሁ። በሳምንቱ መጣ። ሳጥኑ ጥሩ ታሽጓል፣ «ከፍቼ ለምን አበላሸዋለሁ፣ እንዲሁ ሻንጣ ውስጥ ይገባል» ብዬ ከሶፋው ጀርባ አቆምኩት። የሚሄድ ሰው ተፈለገ። አንዷ ሻንጣዋ ሞላ። ሌላው ጉዞውን ለገና አዛወረ። በመጨረሻ በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ላፕቶፑ ቦሌ ደረሰ። የዚያኑ ማታ የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለልኝ። ሳጥኑን በስለት ከፈተው፣ አበራው፣ ስክሪኑን ወደ ስልኩ አዞረው። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር። «ይሄ መስመር ምንድነው ጋሼ?» አለኝ።

የኢቤይ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና ዕቃው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው የሚቆየው። ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። የኔ ቀን ከሶፋው ጀርባ አልቋል። ቀኑ ባያልቅ እንኳ፣ ዕቃው መጀመሪያ ከደረሰበት አድራሻ ወደ ሌላ ቦታ ከተላከ ዋስትናው አይከተለውም። ስለዚህ በደረሰ ቀን ክፈቱት። አብሩት፣ ባትሪውን ሙሉ ቀን አሠሩት፣ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ሞክሩ። ከዚያ መልሳችሁ አሽጉት፤ ካርቶን አይጠፋም።

እግረ መንገዳችሁን ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም አንብቡ። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ 220። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ «100–240» የሚል አላቸው፤ እነሱ ችግር የለባቸውም። ሚክሰሩ፣ የቡና መፍጫው፣ የፀጉር ማድረቂያው ግን «120» ብቻ ካለ፣ እማማ ቤት ሶኬት ላይ እንደተሰካ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። በትራንስፎርመር ይሠራል ትሉ ይሆናል። ትራንስፎርመሩ ከሚክሰሩ ሊከብድ ይችላል። ከ23 ኪሎው ሻንጣ ስንቱን ልትሰጡት ነው?

«ከዚህ ወጥተን እንነጋገር»

ሻጩ ደግ ይሆናል። «የኢቤይ ኮሚሽን ለምን ይበላናል፣ በዜል ላክልኝና 40 ዶላር ልቀንስልህ» ይላል፤ ዜል ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ነው። ወይም የስጦታ ካርድ ገዝታችሁ ከጀርባው ያለውን ቁጥር እንድትልኩለት ይጠይቃል። ወይም ጨረታውን ከተሸነፋችሁ በኋላ «አሸናፊው ስላልከፈለ ለእርስዎ ሆኗል» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ለሁለተኛው ተጫራች ዕድል መስጠት እውነትም አለ፤ እውነተኛው ግን ኢቤይ አካውንታችሁ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥን ይታያል። እዚያ ከሌለ ውሸት ነው።

ዋስትናው የሚሸፍነው እዚያው በኢቤይ የተከፈለውን ብቻ ነው። በዜል የላካችሁትን ገንዘብ ማንም አይመልስላችሁም፣ ባንኩም «ራስህ ነህ የላክኸው» ይላል። እንደ ሻጭም ቢሆን ያው ነው። «ከፍያለሁ፣ ክፍያው ዕቃውን ስትልክ ይለቀቃል» የሚል ኢሜይል ቢመጣ ሊንኩን አትንኩ። በራሳችሁ ገብታችሁ ሽያጩን እዩ። ተከፍሏል ካላለ አልተከፈለም።

100 ፐርሰንት ስላለ ማመን

አራት ሰው መስክሮለት 100 ፐርሰንት የሆነ ሻጭ፣ ሦስት ሺህ ሰው መስክሮለት 99.2 ከሆነው አይበልጥም። አስተያየቶቹንም ክፈቷቸው። በሁለት ዶላር ተለጣፊ ሲሸጥ ከርሞ ዛሬ ድንገት ዘጠኝ መቶ ዶላር ላፕቶፕ ያወጣ ካለ፣ አካውንቱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። እኔ አልፈዋለሁ።

ስትሸጡ

ሻጭ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በራሱ ችኮላ ነው። ጨረታ የሚያልቀው በተጀመረበት ሰዓት ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ በ99 ሳንቲም የከፈታችሁት የሰባት ቀን ጨረታ፣ በሳምንቱ ተጫራቾቹ ሁሉ ተኝተው ሳለ ያልቃል። እሑድ ማታ ክፈቱት። በ99 ሳንቲም ቢሄድ የሚያንገበግባችሁ ዕቃ ከሆነ ደግሞ መነሻውን ከፍ አድርጉ፤ አንዴ ከተሸጠ «ዋጋው አነሰኝ» ብሎ መመለስ የለም። ኮሚሽኑንም አስቡ። በአብዛኛው የዕቃ ዓይነት 13 በመቶ ገደማ ነው። የሚሰላውም መላኪያውና ታክሱ ተጨምሮ ነው።

ከመላካችሁ በፊት የመለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ ስታሽጉም ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ቅረጹ። ጤነኛ ካሜራ ወስዶ የራሱን የተሰበረ የሚመልስ ገዢ አለ። «አድራሻዬን ቀይሬያለሁ፣ እዚህ ላክልኝ» ለሚል አትታዘዙ። ትእዛዙ ላይ ወዳለው አድራሻ ካልላካችሁ ሻጭን የሚጠብቀው መመሪያ አያውቃችሁም። ከ750 ዶላር ጀምሮ ተቀባዩ የሚፈርምበትን አላላክ ምረጡ፤ ያለ ፊርማ «አልደረሰኝም» ቢል መልስ የላችሁም።

የኔ ትልቁ ኪሳራ ግን ሌባ አልነበረበትም። ባለ ብረት አካል የድሮ የስፌት መኪና በ55 ዶላር ሸጥኩ። መላኪያውን በግምት 15 ዶላር ብዬ ጽፌ ነበር። ፖስታ ቤት ወስጄ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው ሠራተኛዋ ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች፣ 48 ዶላር አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ከፈልኩ። ወደ ቤት ስገባ የሻንጣ ሚዛናችን እንደ ወትሮው ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል።