በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የእግር ጉዞ ለሚመሩ

እንግዶችን ይዞ ከደሴ ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣ አስጎብኚ መንገዱን በዚያው ወቅት አስቀድሞ ብቻውን ሊሄድበት ይገባል፤ በጥር ደርቆ የታየ ቦይ በሐምሌ የማይሻገሩት ጎርፍ ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉ የሚመረጠው ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በመስከረም አደይ አበባ መስኩን ቢጫ ቢያለብሰውም መሬቱ ገና ስላልጠና ዳገቱ ያንሸራትታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሆኖም ንጋት ላይ ውርጭ ሊኖር ስለሚችል ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ መነሣት ይሻላል። ይህ ወቅት የአጨዳና የውቂያ ጊዜም በመሆኑ፣ እንግዶች ሰብል መካከል እንዳይገቡና ሳይፈቀድላቸው አውድማ እንዳይረግጡ አስቀድሞ መንገር የመሪው ግዴታ ነው፤ ገበሬውን ቆሞ ሰላም ማለትና ፈቃድ መጠየቅ ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። በደጋው በበልግ ዝናብ ስለሚዘራም፣ በየካቲትና በመጋቢት ባዶ የሚመስለው ማሳ ዘር የያዘ ሊሆን ይችላል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጓዥ ባርኔጣ ወይም ነጠላ፣ ቢያንስም 2 ሊትር ውኃ ይያዝ፤ እርምጃውም በደካማው ተጓዥ አቅም ይለካ። ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ስለሚበረታ ጉዞውን ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት መጨረስ ያስፈልጋል።

በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያውኑ ከተራራው ጫፍ መውረድ እንጂ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም።