ጋዝ ተሞልቶ ተመልሶ የሚሞቅ የመኪና ኤሲ፦ ችግርና መፍትሄ

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም። ጋዙን ከሚጨምቀው ኮምፕረሰር ወጥቶ፣ ከራዲያተሩ ፊት ሙቀቱን በሚያስወጣው ኮንደንሰር፣ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ኤክስፓንሽን ቫልቭና ዳሽቦርድ ውስጥ አየሩን በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር በኩል ዞሮ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል። በጎማ ቱቦዎች በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ግራም ሊወጣ ይችላል፤ ከሦስት ወር በፊት ተሞልቶ ዛሬ ባዶ ከሆነ ግን የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይገኝ ደጋግሞ መሙላት ገንዘብ ከማባከን አልፎ ኮምፕረሰሩን ያቃጥላል። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ጋዝ ሲጎድል ዘይቱም አይመለስለትም።

በሌላ በኩል ጋዙ አንድ ግራም ሳይጎድል ማቀዝቀዝ የሚያቆም ኤሲ ብዙ ነው። ስለዚህ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከመግጠም በፊት አንድ ነገር በደንብ ይለዩ፤ ቅዝቃዜው የሚጠፋው መቼ ነው? በአንድ ጉዞ ውስጥ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጋዝ ማነስ አይደለም። ከሳምንት ሳምንት እየደከመ የሚሄድ ከሆነ ማፍሰስ ነው።

ቆሞ ይሞቃል፣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል

ትራፊክ መብራት ላይ ሞቅ ያለ አየር የሚሰጥ፣ መንገድ ሲከፈት የሚቀዘቅዝ ኤሲ ኮንደንሰሩ በቂ አየር እያገኘ አይደለም። ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ያብሩና ኮፈኑን ከፍተው ቬንትሌተሩን (ማራገቢያውን) ይመልከቱ። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውንና ሶኬቱን ይፈትሹ። ቢዞርም ቀስ ብሎ ከሆነ የቬንትሌተሩ ሞተር አርጅቷል ማለት ነው። ፈጣን ማረጋገጫው ውሃ ነው፤ ኤሲው እየሠራ ኮንደንሰሩ ላይ ንጹህ ውሃ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። አየሩ ወዲያው ከቀዘቀዘ ጋዙን አይንኩ፤ ሥራው ቬንትሌተሩና ጽዳቱ ላይ ነው። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል የሚጠራቀመው አቧራና ገለባ ከፊት አይታይም፤ ላይኛውን መሸፈኛ ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። ሲያጥቡ በከፍተኛ ግፊት ውሃ አይምቱት፣ ክንፎቹ ይታጠፋሉ።

15 ወይም 20 ደቂቃ ቀዝቅዞ ይሞቃል፣ አረፍ ሲል ይመለሳል

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ የሚለዩትም ችግሩ በተከሰተባት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሲሞቅ ኤሲውን ቶሎ አያጥፉት።

በመጀመሪያ እጅዎን የአየር መውጫው ላይ ያድርጉ። የነፋሱ ኃይል ራሱ ከቀነሰ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል። ኤሲውን አጥፍተው ነፋሱን ብቻ ቢተዉት በረዶው ቀልጦ ከመኪናው ሥር ውሃ በብዛት ይወርዳል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ የካቢን ፊልተር (ወደ መኪናው ውስጥ የሚነፍሰውን አየር የሚያጣራው) ወይም የኢቫፖሬተሩን ቅዝቃዜ የሚለካው ሴንሰር ነው። ጋዝ በመጠኑ ያነሰበት ኤሲም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ በረዶ ይሠራል። ፊልተሩን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ።

ነፋሱ እንደነበረ ሆኖ አየሩ ብቻ ከሞቀ የኮምፕረሰሩን ፊት ይመልከቱ። ቺንጋው የሚያዞረው ፑሊ ሁልጊዜ ይዞራል፤ መታየት ያለበት ከፊቱ ያለው፣ ኮምፕረሰሩን ከፑሊው ጋር የሚያያይዘው የክላቹ ሳህን ነው። ሳህኑ ቆሞ ከተገኘ በክላቹ ሶኬት ላይ ቮልቴጅ ይለኩ። 12 ቮልት ገደማ ደርሶት ካልያዘ ክፍተቱ ሰፍቷል ወይም ሳህኑን በኤሌክትሪክ የሚስበው ኮይል ደክሟል። በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት በብዙ መኪኖች ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው። ሳህኑ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ኮይሉ ደግሞ ሲግል የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳል። ጠዋት ይዞ ከሰዓት የሚለቀው ለዚህ ነው። የመሃሉን ብሎን ፈትቶ ከውስጥ ካሉት ቀጫጭን ማስተካከያ ቀለበቶች አንዱን ማውጣት ብቻ ኮምፕረሰሩን ያድናል። በዚህ ጥፋት ምክንያት ሙሉ ኮምፕረሰር ተቀይሮ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። ቮልቴጅ ካልደረሰው ግን ሪሌውን፣ የግፊት ስዊቹንና የሞተሩን ሙቀት ይፈትሹ፤ ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮምፒዩተሩ ራሱ ኮምፕረሰሩን ያቋርጣል። ክላች የሌላቸው አዳዲስ ኮምፕረሰሮች ላይ ይህ ፍተሻ አይሠራም፤ እነሱ በዲያግኖስቲክ ማሽን ይታያሉ።

ክላቹ ይዞ፣ ነፋሱም ኃይለኛ ሆኖ አየሩ ከሞቀ ሰማያዊውን (የዝቅተኛውን ግፊት) ጌጅ ያንብቡ። ወደ ዜሮ ወርዶ ቫኪዩም ውስጥ (ከአየሩ ግፊት በታች) ከገባ በመስመሩ ውስጥ እርጥበት አለ። ውሃው ኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ደርሶ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፤ አሥር ደቂቃ ሲያርፍ ይቀልጣል። መፍትሄው ጋዙን በማሽን መልሶ መሰብሰብ፣ እርጥበት የሚመጥጠውን ድራየር መቀየርና በፓምፕ በቂ ቫኪዩም መሳብ ነው። አርፎም የማይመለስ ከሆነ ቫልቩ በቆሻሻ ተደፍኗል።

በሳምንታት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል

ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው ጥላ ውስጥ ለሰዓታት ቆሞ ሳለ ጌጁን ይግጠሙ። አር-134ኤ ለተባለው የመኪና ኤሲ ጋዝ አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት 72 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ፣ በ25 ዲግሪ 85 ገደማ ማንበብ አለበት። ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ 116 አካባቢ ይደርሳል። ከዚህ በግልጽ ካነሰ መስመሩ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ከበለጠ አየር ወይም ሌላ ጋዝ ተቀላቅሏል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ጋዙ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ነው፤ 150 ግራምም ይኑር 450 ግራም ጌጁ አይለያቸውም።

ቀዳዳ ፍለጋ ከርካሹ ይጀመራል። የመሙያ ቫልቮቹን ክዳን ከፍተው አንድ ጠብታ የሳሙና ውሃ ያድርጉበት። አረፋ ከሠራ የሚቀየረው እንደ ጎማ ቫልቭ ያለች ትንሽ መርፌ ናት። ክዳኑ ራሱ ጎማ ያለው መዝጊያ ስለሆነ የጠፋውን ክዳን በፌስታል መሸፈን አይተካውም።

ቀጥሎ የዘይት ምልክት ይፈልጉ። ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ቀዳዳው አጠገብ አቧራው ረጥቦና ጠቁሮ ይለጠፋል። የቱቦ መጋጠሚያዎችን ከታች በኩል በጣት ዳብሰው ይዩ። በጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ የኮንደንሰሩን የታችኛውን ግማሽ በባትሪ እያበሩ ይቃኙ። የኮፈኑ የውስጥ ገጽ ላይ በኮምፕረሰሩ ፑሊ ትይዩ የተረጨ የዘይት መስመር ካለ ጥፋቱ የኮምፕረሰሩ የዘንግ ሲል (ማሸጊያ ቀለበት) ነው። ይህ ሲል አዲስ አበባ ላይ በተለይ ይጎዳል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ኤሲው ለወራት ሳይበራ ይከርማል፣ ሲሉም ዘይት አጥቶ ይደርቃል። ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ማብራት ይበቃል፤ የመስታወት እንፋሎትም ያጠፋል።

ምንም ካልታየ ኢቫፖሬተሩን ይጠርጥሩ። ዳሽቦርድ ሳይፈታ የሚመረመረው በውሃ መውረጃዋ ቱቦ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደዚያ ይወርዳል። ኤሲው ጠፍቶ ሃያ ደቂቃ ከቆየ በኋላ የኤሌክትሮኒክ ጋዝ ማሽተቻ መሣሪያውን ጫፍ ቱቦዋ አፍ ላይ ያድርጉት፤ ውሃ እንዳይስብ ይጠንቀቁ። በዩቪ መብራት የሚያበራ መፈለጊያ ቀለም (የዩቪ ቀለም) በመስመሩ ውስጥ ካለም በዚያው ቱቦ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ቀለሙን አያብዙት፤ ለትንሽ መኪና 7 ሚሊ ሊትር ገደማ በቂ ነው።

ባዶ መስመር የሚፈተሸው በናይትሮጅን ነው። በሬጉሌተር በኩል እስከ 150 ፒኤስአይ ሞልተው ሁሉንም መጋጠሚያ በሳሙና ይቀቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የአካባቢው ሙቀት በ5 ዲግሪ ቢቀንስ ጌጁ 3 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል፤ ያ ማፍሰስ አይደለም። በብየዳ ቤት ያለውን ኦክስጅን በፍጹም አይጠቀሙ፤ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር አየርም እርጥበት ያስገባል።

የተገኘውን ቀዳዳ ሲጠግኑ ለአር-134ኤ የተሠራ ኦሪንግ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ይጠቀሙ፣ ሲያስገቡትም በኮምፕረሰሩ ዘይት ይቀቡት። ከሶማሌ ተራ አሮጌ ኮምፕረሰር ወይም ኮንደንሰር ከተገዛ አፉ ተዘግቶ የቆየውን ይምረጡ፤ ክፍት ሆኖ አቧራና እርጥበት የጠጣ ዕቃ ሌላ ጥፋት ይዞ ይመጣል። በጣሳ የሚሸጠው ቀዳዳ የሚደፍን ኬሚካል አይመከርም። አየርና እርጥበት ሲያገኝ ስለሚጠጥር ቫልቩንም የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽኑንም ያበላሻል።

ቫኪዩም፣ ከፍታና ጌጁ

መመሪያ መጻሕፍት ቫኪዩሙ 29 ኢንች ሜርኩሪ ይድረስ ይላሉ። ያ የባህር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ 22.5 ኢንች ገደማ ነው፤ ምርጥ ፓምፕም ቢሆን ጌጁ ከዚያ አያልፍም። ድሬዳዋ ላይ 26 አካባቢ ይደርሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ፓምፕ "አይስብም" ብሎ ይጥላል።

ከዚህ የሚብሰው ተቃራኒው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 20 ሲደርስ "ይበቃል" ብሎ መዝጋት። በ20 ላይ ውስጥ የቀረው ግፊት ውሃን የሚያፈላው 42 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በ20 ዲግሪ ጋራዥ ውስጥ ያለ እርጥበት አይወጣም። ጌጁ 22 ካለፈ በኋላም ፓምፑን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያሠሩት። ከዚያ ቫልቮቹን ዘግተው 15 ደቂቃ ይመልከቱ። ይዞ ቢቆይም ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቫኪዩም ሲሉን ወደ ውስጥ የሚገፋው በ11 ፒኤስአይ ብቻ ነው፣ ኤሲው ሲሠራ ግን በከፍተኛው መስመር ከ150 በላይ ወደ ውጭ ይገፋል። ናይትሮጅን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መሙላት በሚዛን

ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የጋዙ ዓይነትና ክብደት ተጽፏል። ትንሽ የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ ከ350 እስከ 500 ግራም ይወስዳል፤ የኋላ ኤሲ ያለው ሚኒባስ ከዚያ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። 400 ግራም በሚወስድ መኪና 50 ግራም መሳሳት ከስምንት አንድ እጅ ነው፤ በጌጅ ብቻ ሲሞላ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሳሳታል። ሲሊንደሩን ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጠው ይሙሉ። ሞተሩ እየሠራ በሰማያዊው መስመር ብቻ፣ ሲሊንደሩ ቆሞ ይሰጥ፤ ቢገለበጥ ፈሳሽ ገብቶ ኮምፕረሰሩን ይሰብራል። ሞተሩ እየሠራ ቀዩን (የከፍተኛውን ግፊት) መስመር ወደ ሲሊንደሩ መክፈት ሲሊንደሩን ሊያፈነዳ ይችላል። መነጽርና ጓንት ያድርጉ።

ኮንደንሰር ከተቀየረ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል፣ የመኪናው መመሪያ የተለየ ካላለ።

ከተሞላ በኋላ በ25 ዲግሪ አካባቢ ዝቅተኛው መስመር ከ25 እስከ 40፣ ከፍተኛው ከ140 እስከ 200 ፒኤስአይ ቢሆን ጤነኛ ነው። ሁለቱም ካነሱ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከበዙ ጋዝ በዝቷል፣ አየር አለ ወይም ቬንትሌተሩ ደክሟል። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ከወረደ ኮምፕረሰሩ ውስጡ ተበልቷል፤ ይህን ጋዝ አያድነውም።

የጋዙን ጥራትም ይጠርጥሩ። ሲሊንደሩ አንድ ሌሊት ክፍል ውስጥ አድሮ፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ በ72 ፈንታ 110 ወይም 120 ካነበበ ውስጡ ያለው አር-134ኤ አይደለም። አር-22 (ሌላ የማቀዝቀዣ ጋዝ) ወይም የማብሰያ ጋዝ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው በቀላሉ ይቀጣጠላል። ቁጥሩ መግጠሙ ብቻውን ንጹህነቱን አያረጋግጥም፤ አለመግጠሙ ግን መልሶ ለመስጠት በቂ ምክንያት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና

ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትን በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካገደች ወዲህ ወደ ጋራዥ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ኮምፕረሰራቸው ቺንጋ የለውም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ በውስጡ ስላለ ዘይቱ የሞተሩን ጥቅል ይነካል። እዚህ ውስጥ በቺንጋ የሚዞሩ ኮምፕረሰሮች የሚጠቀሙበት ተራ ፓግ ዘይት ወይም በፓግ የተበጠበጠ የዩቪ ቀለም ከገባ ኤሌክትሪክ የማገድ አቅሙ ይወርድና መኪናው የኢንሱሌሽን ጥፋት ብሎ ሲስተሙን ሊዘጋ ይችላል። አምራቹ ያዘዘው ዘይት፣ በብዛት ፒኦኢ የተባለው ዓይነት፣ ብቻ ይገባል። በፓግ የሠራ ጌጅና ቱቦም ሳይጸዳ አይገጠም። ብርቱካናማ ገመዶችን ከፍተኛ ቮልቴጁ በሠለጠነ ባለሙያ ሳይቋረጥ አይንኩ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ያው ጋዝ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ ፈጣን ቻርጅ ድንገት ቀስ ማለት ከጀመረ የኤሲውን ጋዝ መመርመር ተገቢ ነው።

የዩቪ ቀለም የገባበት መኪና ከተጠገነ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጋጠሚያዎቹን በመብራቱ ድጋሚ ይዩ። አሮጌው ቀለም በጥገናው ጊዜ በደንብ ካልተጠረገ ግን አዲሱን ከቀድሞው መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ጥገናው እንዳለቀ ጠርገው ያስረክቡ።