ሱስና የነርስ የሙያ ፈቃድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ በኩል ባሉ ትንንሽ ክሊኒኮች ሌሊቱን አንድ ነርስ ብቻዋን የምታድርበት ጊዜ አለ። ሐኪሙ በስልክ ነው የሚገኘው። የመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ቁልፍ እሷ ኪስ ውስጥ ነው። ድካምና ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት አንድ ክፍል ውስጥ ሲያድሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

"ለናይት (ለሌሊት ተራ) ብቻ ነው የምቅመው" ማለት። ጫት እንቅልፍን ያባርራል፣ ድካሙን ግን አያጠፋውም። ሲነጋ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። ከዚያም እንቅልፍ እምቢ ሲል ዲያዜፓም፣ ሱስ የሚያስይዝ ማረጋጊያ መድኃኒት፣ ይጨመራል። ጫት በሕግ ባይከለከልም፣ በምርቃና የሕፃን ዶዝ አሳስቶ መስጠት ያስጠይቃል።

ሳያዩ መፈረም። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። 100 ሚሊግራም የያዘ የፔቲዲን (ሱስ የሚያስይዝ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) አምፑል ተከፈተ እንበል። ለታካሚው የታዘዘው 50 ነው። የተረፈው መጣል ያለበት ምስክር እያየ ነው፤ የጣለችውም ያየችውም መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ። በተግባር ግን ምስክር የምትሆነው ባልደረባዋ ከወዲያ ማዶ ሥራ ላይ ናት፤ "ኋላ እፈርምልሻለሁ" ትላለች። ሱስ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው። መጀመሪያ ትራፊው ይወሰዳል፣ ቀጥሎ የታካሚው ድርሻ። መዝገቡ ማስታገሻ ተሰጥቶታል ይላል፣ ታካሚው ግን አልጋ ላይ ሲያቃስት ያድራል። አምፑል ሁልጊዜ በአንድ ሰው ተራ ላይ "ከተሰበረ"፣ ቆጠራው በርክክብ ሰዓት ካልገጠመ፣ ዝም አትበሉ። ነገሩ ሲጣራ ሳታይ የፈረመችውም አብራ ትጠየቃለች።

በዝምታ ማሰናበት። የክሊኒኩ ባለቤት መድኃኒት ስትወስድ የተገኘችውን ነርስ "ስሟን አላጥፋ" ብሎ ይሸኛታል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰፈር ትቀጠራለች፣ ቁልፉም ተመልሶ እጇ ይገባል። ይህ ለእሷም ለታካሚውም ደግነት አይደለም። ሕክምና ሳታገኝ ነው የሄደችው።

"ሥራ ከለቀቅኩ አለቀ" ብሎ ማሰብ። በመንግሥት ተቋም በልማደኛ ስካር ወይም በዕፅ ሱስ ሥራን መበደል ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ነው፤ እስከ ስንብት ያደርሳል። በግል ተቋምም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትን ይከለክላል። የሙያ ፈቃድ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። መድኃኒት መስረቅ ፖሊስ ጣቢያም ያደርሳል። ውጭ አገር ለመሥራት ያሰበ ሰውም የጉድ ስታንዲንግ ደብዳቤ (በሙያው ጥፋት እንደሌለበት የሚገልጽ ማስረጃ) ሲጠይቅ ያልተዘጋ ክስ ይጠብቀዋል።

ቤት ተዘግቶ በአንዴ ማቆም። ነርሶች ራሳቸውን ማከም ይቀናቸዋል። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሲጠጣ ወይም ዲያዜፓም ሲወስድ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊይዘው፣ ሊሞትም ይችላል። ቤት ግሉኮስ ሰቅሎ መተኛት መፍትሔ አይሆንም። አዲስ አበባ ወዳሉት አማኑኤል ወይም የካ ኮተቤ ሆስፒታል ሂዱ። ሳይያዙ በፊት ለኃላፊ ተናግሮ ለሕክምና የሥራ እረፍት መጠየቅ ከክስ በኋላ ከመለመን በብዙ ይሻላል።

የተያዘችውን ብቻዋን መተው። ባልደረባችሁ ሰክራ ወይም ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት ወስዳ ከመጣች ቁልፉን ተቀበሏት፣ ታካሚዎቿን ተረከቡ፣ ሄድ ነርሷን ጥሩ። ሌላው ሁሉ ለነገ ይደር። ከተጋለጠች በኋላ ያሉት ሰዓታት ራሷን ልትጎዳ የምትችልባቸው ናቸው። ሚኒባስ ላይ አሳፍራችሁ አትሸኟት፤ ቤተሰቧን ደውላችሁ ጥሩ፣ እስኪመጡም አጠገቧ ቆዩ።