የበርማ ጥንታዊ የእንጨት ቅርጽ ሲገመት የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከበርማ፣ ከዛሬዋ ምያንማር፣ የሚመጣ የእንጨት ቅርጽ ለግምት ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ «የማንዳላይ ሥራ» ይባላል። ማንዳላይ የኮንባውንግ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ነው፤ በስሟ የሚሸጠው ግን ከዚያ በኋላ በዚያው ስልት የተጠረበውንም፣ ትናንት ተሠርቶ እንዲያረጅ የተደረገውንም ይጨምራል። ስለዚህ ገማች ሥራውን ከጀርባውና ከግርጌው ቢጀምር ይሻላል፤ አስመሳዩ ብዙም የማይደክመው እዚያ ላይ ነውና።

ምልክት፦ ቅርጹ በትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቷል

ሻጭ ይህን የእርጅና ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። የበርማ ጠራቢዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ቲክ እንጨት በውስጡ ባለው ቅባት የተነሳ ምስጥም ነቀዝም በቀላሉ አይደፍረውም፤ የሚበላው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል እንጂ ቡናማው እምብርት አይደለም። ቀዳዳው በእምብርቱ ላይ ሁሉ እኩል ተረጭቶ ከታየ እንግዲህ ወይ እንጨቱ ቲክ አይደለም፣ ወይ ቀዳዳው የትራፓን ሥራ ነው።

ለመለየት ቀጭን ሽቦ በቀስታ ይግባበት። ነፍሳት የቦረቦሩት መንገድ ስለሚጣመም ሽቦው ብዙም ሳይርቅ ይቆማል፤ ትራፓን የበሳው ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ የቀዳዳዎቹም ጥልቀት ይመሳሰላል። ቀዳዳው እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚያስረዳው እንጨቱ መበላቱን ብቻ ነው፤ ነቀዝ ይህን ሁሉ ለመሥራት መቶ ዓመት አያስፈልገውም። አዲስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ዕቃው ከሌሎች እንጨቶች ተነጥሎ ይቀመጥ።

ምልክት፦ ገጹ ግራጫ ሆኖ የእንጨቱ መስመር ጎልቷል

ይህ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት የኖረ የገዳም ጌጥ ባሕርይ ነው፤ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆም ይመጣል። ንጉሥ ሚንዶን በ1878 ካረፈ በኋላ ልጁ ቲቦ ከቤተ መንግሥቱ አስነስቶ ገዳም ያደረገው የሽዌናንዳው የቲክ ሕንፃ ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው፦ የውጪው ወርቅ ታጥቦ እንጨቱ ተራቁቷል፣ የውስጡ ግን አሁንም ያበራል። ከሕንፃ የተነቀለ ቅርጽም እንዲሁ ነው። ወደ ውጭ የዞረው ገጹ ሲበላ፣ በሌላ ሳንቃ ተሸፍኖ የኖረው ዳሩና በማጋጠሚያው ውስጥ የነበረው ምላሱ የመሮውን አሻራ እንደያዙ ይቆያሉ። እርጅናው ከፊትም ከኋላም ከምላሱም ላይ እኩል ከሆነ ተሠርቶበታል ማለት ነው።

ምልክት፦ ወርቁ አዲስ ይመስላል፣ ወይም ግርጌው ላይ ቪቴ አለ

አዲስ ወርቅ ብቻውን ዕቃውን ሐሰተኛ አያደርገውም። በበርማ ቅዱስ ምስልን ደግሞ ደጋግሞ በስስ ወርቅ ማልበስ የጽድቅ ሥራ ስለሆነ፣ አሮጌ ምስል አዲስ ወርቅ ለብሶ ሊገኝ ይችላል። በጎን ብርሃንና በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከላጣው ጠርዝ ሥር የቀደሙ ንብርብሮች መኖር አለባቸው። በአሴቶን፣ ማለትም ቀለም በሚያሟሟው ፈሳሽ፣ መጥረግ ግን ማንም አይሞክር።

አንድ ጊዜ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው የተባለ የናት፣ ማለትም የመንፈስ፣ ምስል ቀረበልኝና ስገለብጠው አናቱ ባለ መስቀል የሆነ ቪቴ አየሁ። እንዲህ ያለው ቪቴ ገበያ የወጣው በ1930ዎቹ ነው። ለጥገና ኋላ የገባ ሊሆን ስለሚችል ፈትቼ አየሁት፦ በአካባቢው የቀደመ ምስማር ቀዳዳ አልነበረም፣ ጥርሱ ላይ የቀረው ሰጋቱራም ፈዛዛና ትኩስ ነበር።

ምልክት፦ የካርቦን ምርመራው «ከ1650 በኋላ» ብቻ ይላል

ላቦራቶሪው አልተሳሳተም። ከ1650 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት በአየር ውስጥ የነበረው የካርቦን 14፣ ማለትም ዕድሜ የሚለካበት የካርቦን ዓይነት፣ መጠን ከፍ ዝቅ ይል ስለነበር አንዱ ንባብ ከብዙ ዘመን ጋር ይገጥማል። ምርመራው ይህን መጠን ካበዙት ከ1950ዎቹ የኑክሌር ሙከራዎች ወዲህ ያደገን ዛፍ ያጋልጣል፤ ከፈረሰ ገዳም ምሰሶ ላይ ዛሬ የተጠረበን ቅርጽ ግን አያጋልጥም፣ የሚለካው የእንጨቱን ዕድሜ እንጂ የመሮውን አይደለምና።

ምልክት፦ ዕቃው እውነተኛ ነው፣ ገዢ ግን አይገኝም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወረቀት ነው። የምያንማር የ2015 ሕግ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ዕቃ ጥንታዊ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ያለ ፈቃድ ማውጣትም ወንጀል ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጻፉ በፊት ዕቃው ከአገሩ መቼ እንደወጣ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ የጭነት ሰነድ ወይም ቀን ያለው የቤተሰብ ፎቶግራፍ ይጠየቅ፤ ዋጋውም ሻጮች ከሚጠሩት ሳይሆን በጨረታ በእርግጥ ከተከፈለው ይነሳ።