ለሜላኖማ ቲ ሴል ስናዘጋጅ ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜላኖማን፣ ማለትም ከቀለም ሕዋሳት የሚነሳውን የቆዳ ካንሰር፣ በቲ ሴሎች (በሽታን በሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት) ስለ ማከም አራት ኪሎ ያሉ የባዮሎጂ ተማሪዎች የሚጽፉትን የጥናት ሐሳብ ሳነብ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስህተት የዒላማ፣ ማለትም ቲ ሴሉ የሚያጠቃው ፕሮቲን፣ አመራረጥ ነው። «ይህ ፕሮቲን ካንሰሩ ላይ በብዛት ይገኛል» ይባልና ወደ ሥራ ይገባል። ሌላ የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ የለም። ማርት-1 የተባለው የሜላኖማ ፕሮቲን በጤናማ የቀለም ሕዋሳትም ላይ ስላለ፣ እሱን እንዲያጠቁ የተሠሩ ቲ ሴሎች የታካሚዎችን ቆዳ፣ ዓይንና ጆሮ ጎድተዋል።

ማጌ-ኤ3 የተባለው ሌላ ዒላማ ፕሮቲን ታሪክ ከዚህም ይከፋል። የቲ ሴሉ ተቀባይ፣ ማለትም ሴሉ ዒላማውን የሚለይበት ፕሮቲን፣ ዒላማውን አጥብቆ እንዲይዝ ተሻሽሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደተዘገበው፣ አንዱ ሜላኖማ ሌላው ማይሎማ (የአጥንት መቅኔ ካንሰር) የነበረባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታካሚዎች ሴሎቹ በተሰጧቸው በቀናት ውስጥ ልባቸው ተጎድቶ ሞቱ። ለካስ ሴሎቹ የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለውን ቲቲን የተባለ ፕሮቲን ከማጌ-ኤ3 መለየት አልቻሉም! ቀድሞ የተደረገው ፍተሻ ይህን አላሳየም፤ ጉዳዩ የተገለጠው በቤተ ሙከራ ከግንድ ሕዋስ ያደጉ፣ የሚመቱ የልብ ሕዋሳት ሲሞከሩ ነው። አጥብቆ መያዝ ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል፤ አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የታካሚውን ኤች ኤል ኤ፣ ማለትም ሕዋሳት የፕሮቲን ቁራጮችን ላያቸው ላይ የሚያሳዩበትን ከሰው ሰው የሚለያይ ሞለኪውል፣ መርሳት ነው። ተቀባዩ ዒላማውን የሚያውቀው በዚህ ሞለኪውል ላይ ሲቀርብለት ብቻ ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት በአውሮፓውያን ዘንድ ለተለመደው የኤች ኤል ኤ ዓይነት፣ ለኤ*02:01፣ ስለሆነ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚታከም ሰው ይስማማል ብሎ ከመጻፍ በፊት መመርመር ያስፈልጋል።

ሜላኖማን ሁሉ የፀሐይ በሽታ አድርጎ ማየትም አለ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በአብዛኛው የሚወጣው ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. 60ኛ የልደት በዓሉ መስቀል አደባባይ የተከበረለት ቦብ ማርሌይ የሞተው ከእግር ጣቱ በጀመረ ሜላኖማ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዕጢ የጂን ለውጥ አነስተኛ በመሆኑ ለቲ ሴል የሚታይ ምልክቱም ያንሳል። ከነጮች የተገኘን ውጤት እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም።

የመጨረሻው ስህተት ሕክምናውን ወረቀት ላይ ማቅለል ነው። በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የፈቀደችው ሊፊሉሴል ከታካሚው ዕጢ ተወስደው ለሳምንታት የሚባዙ ቲ ሴሎችን ይጠቀማል፤ በጥናቱ ዕጢያቸው ጉልህ በሆነ መጠን የቀነሰላቸው ከሦስት ታካሚዎች አንዱ ገደማ ናቸው። ሴሎቹ ከመሰጠታቸው በፊት ከባድ ኬሞቴራፒ፣ ከተሰጡ በኋላ ደግሞ ቲ ሴሎችን የሚያነቃቃው ግን ታካሚውን በጽኑ ሊያሳምም የሚችለው ኢንተርሉኪን-2 አለ። ተማሪው ግን «እናባዛለን፣ እንሰጣለን» ብሎ ያልፈዋል። በጀቱ ውስጥ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ያልተያዘለትን ሐሳብ ሳልፈርም እመልሳለሁ።